የተጣበቀው ቃለ ጉባኤ

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፈው ከባሕር ዳር ነው። ሽማግሌዎቻችን የአጥቢያችንን ታሪክ እንድጽፍ ቢጠይቁኝ ሳላመነታ እሺ አልኩ፤ አሁን ግን ቸግሮኛል።

የሩቁ ታሪክ አልከበደኝም። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1919 ሐኪሙ ቶማስ ላምቢ ደምቢ ዶሎ ደርሶ የአሜሪካ ፕሬስቢቴሪያን ሚስዮንን ሥራ ጀመረ። ከዚያ የበቀለችው የቤቴል ቤተ ክርስቲያን በዚያው በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1974 ከመካነ ኢየሱስ ጋር ተዋሐደች።

ያስቸገረኝ የቅርቡ ነው። ያለን አንድ የቃለ ጉባኤ ደብተር ብቻ ሲሆን ክረምት ጣሪያው አፍስሶበት ገጾቹ ተጣብቀዋል። በጣና ደሴቶች ገዳማት ብራናው ዘመናትን ሲሻገር የእኛ ወረቀት አንድ ዝናብ አልቻለም! አንዱን ገጽ በካውያ ላደርቅ ሞክሬ ቀለሙን አጠፋሁት፤ ለሽማግሌዎቹ ገና አልነገርኳቸውም።

የመጀመሪያው ስብሰባ ቀን «10/6/67» ይላል። የካቲት 10 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው ወይስ በፈረንጆቹ ጁን 10 ቀን 1967? የመጀመሪያው በፈረንጆቹ 1975 ስለሆነ ከውህደቱ በኋላ፣ ሁለተኛው ከውህደቱ በፊት ይሆናል። አስልቼ እንደደረስኩበት የእኛው ሰኞ፣ የፈረንጆቹ ቅዳሜ ይውላል። የዕለቱ ስም ግን ከተጣበቀው ገጽ ሥር ተደብቋል።

በቤተ መዛግብት የሠራችሁ፣ እርጥበት ያጣበቀውን ወረቀት ቀለሙ ሳይለቅ እንዴት ትለያያላችሁ? በዚያ ዘመን በሚስዮን ጣቢያዎች ያገለገላችሁ አባቶችና እናቶችስ፣ ቃለ ጉባኤ ስትይዙ በየትኛው አቆጣጠር ትጽፉ ነበር? ደብተሩን እስከዚያው አልነካውም።