«አሞንቲላዶን ከሼሪ አይለይም» ምን ማለት ነው?

ጥያቄ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ኤድጋር አለን ፖ እ.ኤ.አ. በ1846 ያሳተመውን የአሞንቲላዶ በርሜል ታሪክ ወደ አማርኛ እየመለስኩ ነው። ፎርቹናቶ ስለ ሌላ ወይን ቀማሽ ሲናገር «አሞንቲላዶን ከሼሪ አይለይም» ይላል። ሁለቱንም «ወይን ጠጅ» ብዬ ልለፈው?

መልስ፦ እህቴ፣ እባክሽ አትለፊው። አሞንቲላዶ ራሱ የሼሪ ዓይነት ነው። አባባሉ «ማኛን ከጤፍ አይለይም» እንደ ማለት ነው። ደራሲው ተሳስቷል የሚሉ አሉ። ሌሎች ደግሞ አዋቂ ነኝ ባዩ ፎርቹናቶ አለማወቁን በገዛ አፉ እንዲያወጣ ሆን ብሎ ነው ይላሉ። እኔ የማምነው ሁለተኛውን ነው።

«ሼሪ» የሚለው የወይኑ ስም የመጣው ከደቡብ ስፔኗ ከተማ ከኼሬዝ ነው። ዓረቦች «ሸሪሽ» ይሏት ነበር። እንግሊዞች መጠጡን «ሼሪስ» አሉት። ቆይተው መጨረሻ ላይ ያለችው «ስ» የብዙ ቁጥር ምልክት መሰለቻቸውና ቆረጧት፤ «ሼሪ» ቀረ። እኛ ደግሞ የግዕዙን ብዙ ቁጥር «ሕፃናት»ን እንደ ነጠላ ቆጥረን «ሕፃናቶች» እንላለን። እነሱ ቀነሱ፣ እኛ ጨመርን። ይህ ነገር ሁሌም ይገርመኛል።

ዓይነቶቹን የሚለየው በርሜሉ ውስጥ የሚሆነው ነገር ነው። በርሜሉ እስከ አፉ አይሞላም። በወይኑ ፊት ላይ ነጭ የእርሾ ሽፋን ይወጣል። ላላወቀው ሻጋታ ነው የሚመስለው። ስፔኖች ግን «ፍሎር»፣ አበባ፣ ይሉታል። ሽፋኑ ወይኑን ከአየር ይጠብቀዋል፤ ቀለሙ ነጣ ብሎ ይቆያል። ይህ ፊኖ ነው። በባሕር ዳሯ ሳንሉካር ከተማ ሲያረጅ ማንሳኒያ ይባላል፤ ቃሉ የካሞሚል አበባም ስም ነው። ሽፋኑ ሲሞት ወይኑ አየር ያገኛል፣ ቀለሙም ወደ ቡናማ ይሄዳል። አሞንቲላዶ የሚባለው ያኔ ነው፤ ትርጉሙ «እንደ ሞንቲያ ወይን የሆነ» ነው። ሞንቲያ እዚያው ደቡብ ስፔን ያለች ከተማ ናት። ኦሎሮሶ ግን ያለ ሽፋን ነው የሚያረጀው፤ ቃሉም «ባለ መዓዛ» ማለት ነው።

ሌላ አባል፦ በሼክስፒር ተውኔት ፎልስታፍ የሚያወድሰው «ሳክ»ስ? መዝገበ ቃላቴ «ጆንያ» ነው የሚለኝ።

መልስ፦ ጆንያ አይደለም፣ ወንድሜ። ያኔ ከስፔን የሚመጣ ወይን ስም ነበር። ፎልስታፍማ «ሼሪስ ሳክ» እያለ ነው የሚጠራው፤ የኼሬዙን ማለቱ ነው። ብዙዎች ቃሉን «ማውጣት» ከሚለው የስፔን ግስ ጋር ያያይዙታል።

ጠያቂዋ፦ እግዜር ይስጥልኝ! «አሞንቲላዶ» እና «ሼሪ» እንዳሉ ይቆያሉ። መጀመሪያ ላይ ብቻ «አሞንቲላዶ የተባለውን ምርጥ የስፔን ሼሪ» እላለሁ። አንባቢው የፎርቹናቶን ስህተት ራሱ ይይዘዋል።

መልስ፦ ግሩም ነው። አንድ ነገር ልጨምርልሽ። እዚያው ታሪክ ውስጥ «ፓይፕ» የሚል ታገኛለሽ። ቧንቧ እንዳትዪው፤ ከ470 ሊትር በላይ የሚይዝ ትልቅ በርሜል ነው።