በኦፕራሲዮን ከወለዱ በኋላ ሁለተኛውን በምጥ መውለድ፦ ምን ታይቶ ይወሰናል?

ታላቅ እህት

ሰላም ለሁላችሁ። የምጠይቀው ለታናሽ እህቴ ነው። የመጀመሪያ ልጇ በመቀመጫው መጥቶ ስለነበር ምጥ ሳይጀምራት በኦፕራሲዮን ተገላገለች። አሁን 33 ሳምንቷ ነው፤ ቀኗ ሲደርስ በሁለቱ ልጆች መካከል 26 ወር ይሆናል። የአሁኑ ጭንቅላቱ ወደ ታች ነው፤ ግፊትም ስኳርም የለባትም። አንዱ ሐኪም «በምጥ መሞከር ትችላለች» አላት፣ ሌላው «አንዴ በኦፕራሲዮን ከተወለደ ሁሌም በኦፕራሲዮን ነው» ብሎ ቀን ሊቆርጥላት ፈለገ። ማበረታቻ ሳይሆን ዝርዝር ነው የምፈልገው። ምን ታይቶ ነው የሚወሰነው? ምጥ ላይ ምን ሊበላሽ ይችላል? በምንስ ይታወቃል?

አዋላጅ

ሌላው ሁሉ ይቆይና የባለፈውን ኦፕራሲዮን ማስታወሻ አስወጡ። የመውጫ ወረቀቱ «ሲዛሪያን ተሠርቶላታል» ብቻ የሚል ከሆነ አይበቃም፤ ማህፀኑ በየት በኩል እንደተከፈተ የሚናገረው መስመር ያስፈልጋል። ሆዷ ላይ ያለው ጠባሳ አይመሰክርም። ቆዳው ከታች አግድም ተቆርጦ ውስጡ ግን ወደ ላይ የተሰነጠቀ ሊሆን ይችላል፤ በተለይ ጽንሱ ጊዜው ሳይደርስ ወጥቶ ወይም በአግድም ተኝቶ ከነበረ።

ለምን ይህን ያህል ለውጥ ያመጣል? ምጥ ሲመጣ አጥብቆ የሚኮማተረው የማህፀኑ የላይኛው ክፍል ነው። የታችኛው ክፍል ስስ ነው፣ እየተለጠጠ መንገድ ይሰጣል። ጠባሳው በታችኛው ክፍል አግድም ከሆነ በምጥ ጊዜ የመተርተር ነገር ከ200 እናቶች በአንዷ ገደማ ይደርሳል። ከላይ ወደ ታች የተሰነጠቀ ወይም እንደ ተገለበጠ የቲ ፊደል ያለ ከሆነ ግን ከ100ው ከ4 እስከ 9 ይደርሳል፣ ምጥ ሳይጀምርም ሊተረተር ይችላል። ለእንደዚህ ዓይነቷ ሙከራ የለም። ማህፀኗ ከዚህ በፊት ተተርትሮ ለሚያውቅም፣ የእንግዴ ልጁ የማህፀን በሩን ለሸፈነባትም እንዲሁ።

በነገራችን ላይ ያ «ሁሌም ሲዛሪያን» የሚለው አባባል ኤድዊን ክሬጊን የሚባል አሜሪካዊ ሐኪም በ1916 እ.ኤ.አ. የጻፈው ነው። ያኔ ማህፀን የሚከፈተው ከላይ ወደ ታች ነበር። አቆራረጡ ተቀየረ፣ አባባሉ ግን አለቅም አለ።

የእህትሽ ምክንያት ከሁሉ የተሻለው ነው፤ በመቀመጫ መምጣት የዚያኛው ልጅ ጉዳይ እንጂ የዳሌዋ ጉዳይ አይደለም። የማህፀን በሯ ተከፍቶ ተከፍቶ 7 ወይም 8 ሳንቲሜትር ላይ ምጡ ቆሞባት የነበረች ዕድሏ ያንሳል፣ ያም ሆኖ መሞከር ትችላለች። በጥቅሉ ከሚሞክሩ 100 እናቶች ከ72 እስከ 75ቱ በምጥ ይገላገላሉ። ከኦፕራሲዮኑ በፊት ወይም በኋላ በምጥ ወልዳ የምታውቅ ከሆነ ከ85 እስከ 90 ይደርሳል። 26 ወሩም ደህና ነው፤ የሚያሰጋው 18 ወር ሳይሞላ ሲደገም ነው።

የሌሊት ተረኛ

ወረቀቱ ላይ የተባለውን እደግፋለሁ። እኔ ስለ ቦታውና ስለ ምጡ ልጨምር።

የምትወልድበት ቦታ ሲመረጥ የሚጠየቀው ጥያቄ አንድ ነው፦ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ኦፕራሲዮን ቢያስፈልግ ቀዶ ሐኪሙ፣ ሰመመን ሰጪውና ደሙ እዚያው ግቢ ውስጥ አሉ ወይ? «ይጠራሉ» ከተባለ በስንት ደቂቃ? ማህፀን ከተተረተረ ለልጁ ያለው ጊዜ በደቂቃ የሚቆጠር ነው፤ ከ20 ደቂቃ ሲያልፍ ጉዳቱ እየከፋ ይሄዳል። በአምቡላንስ ወደ ሌላ ቦታ ለመላክ የሚበቃ ጊዜ አይደለም። ስለዚህ ቤት ውስጥ ወይም ኦፕራሲዮን በሌለበት ጤና ጣቢያ መሞከር አይገባም።

ምጡ ቋሚ ሲሆን፣ ወይም የእንሽርት ውሃ ሲፈስ ምጥ ባይኖርም፣ ወዲያው ትሂድ። ቤት ቆይቶ ምጡን መግፋት ለዚህች እናት አይሆንም። እንደገባች ካኑላ (ለመድኃኒትና ለደም መስጫ ደም ሥር ውስጥ የሚቀመጥ ቀጭን ቱቦ) ይገባላታል፣ የደም ዓይነቷና ሂሞግሎቢኗ ይታያል፣ የሚስማማ ደም ይዘጋጃል። ምጡ ከተጠናከረ ጀምሮ የልጁ የልብ ምት በማሽን ሳይቋረጥ መታየት አለበት። ማሽን ከሌለ በየ15 ደቂቃው፣ መግፋት ስትጀምር ደግሞ በየ5 ደቂቃው ይደመጣል፤ ይህ ግን አነስተኛው እንጂ የሚመረጠው አይደለም።

ብዙ ሰው «ጠባሳው ሲቀደድ ከባድ ህመም ይሰማታል» ብሎ ያንን ይጠብቃል። ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚናገረው ግን የልጁ ልብ ነው፦ ምጥ በመጣ ቁጥር እየወረደ ይመለሳል፣ ኋላ ከ110 በታች ወርዶ ይቀራል። ሌሎቹ ምልክቶች፦ ምጥ ሲለቅ የማይለቅ የጠባሳ ህመም፣ ሲገፋ የነበረ ምጥ ድንገት ጸጥ ማለቱ፣ ወርዶ የነበረ የልጁ ራስ ወደ ላይ መመለሱ፣ ከብልት ደም መፍሰስ፣ ሽንት ላይ ደም፣ ትከሻ ላይ ህመም፣ የእናቲቱ የልብ ምት መፍጠንና ግፊቷ መውረድ። ሁሉም እስኪሟሉ አይጠበቅም። የእናቲቱ ግፊት ከወረደ ብዙ ደም ፈስሷል ማለት ነው።

ፓርቶግራፉ (የምጡ ሂደት የሚመዘገብበት ሰንጠረዥ) ላይ መስመሩ ወደ ቀኝ ሲያጋድል፣ ማለትም ምጡ ሲዘገይ፣ «ትንሽ እንያት» ማለት ለዚህች እናት ውድ ነው። ጥሩ ምጥ እያለ የማህፀን በሩ ከ4 ሰዓት በኋላም ካልተንቀሳቀሰ ትልቅ ሐኪም መጥቶ ይወስን። ስትገፋም ማንም ሆዷን ከላይ አይጫን፤ ጠባሳ ያለበት ማህፀን ላይ ይህ የተከለከለ ነው።

ታላቅ እህት

አመሰግናለሁ። ማስታወሻው ተገኘ፤ «የታችኛው ክፍል፣ አግድም፣ በሁለት ድርብ የተሰፋ» ይላል። ሁለት ነገር ቀረኝ። 40 ሳምንት አልፎ ምጥ ባይመጣስ? ደግሞ የህመም ማስታገሻ የወገብ መርፌ ብትወስድ የመተርተሩን ህመም ይደብቀዋል ይባላል፤ እውነት ነው?

አዋላጅ

መርፌው አይከለከልም። ከላይ እንደተባለው ዋናው ጠቋሚ የልጁ ልብ ነው፣ እሱን ደግሞ መርፌው አይደብቀውም። መርፌው በደንብ ይዟት ቆይቶ ህመሙ ጥሶ ከወጣ፣ ወይም መጠኑ በየጊዜው ካልተጨመረላት የማይበቃ ከሆነ፣ እሱ ራሱ ምልክት ነው፤ መድኃኒት ከመጨመር በፊት ሆዷና የልጁ ልብ ይታይ።

ቀኑ ካለፈ ነገሩ የበለጠ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ምጥ በራሱ ሲመጣ አደጋው ትንሹ ነው፤ በመድኃኒት ሲጀመር ሁለትና ሦስት እጥፍ ይሆናል። ሚሶፕሮስቶል የሚባለው ክኒን ለዚህች እናት ምጥ ማስጀመሪያ አይሰጥም፣ በሩብ ክኒንም ቢሆን። የማህፀን በርን የሚያለሰልሰው ነገር ጠባሳውንም ያለሰልሰዋል ተብሎ ይታሰባል፤ የሚያስነሳው ምጥም አንዴ ከገባ በኋላ መመለሻ የለውም። የሚሻለው ፎሊ ነው፦ የሽንት ካቴተሩ በማህፀን በር ያልፍና ፊኛው ከ30 እስከ 60 ሚሊ ሊትር ከጀርም ነጻ በሆነ ውሃ ይሞላል፣ በሩንም ገፍቶ ይከፍታል። ኦክሲቶሲን (ምጥን የሚያጠናክር፣ በደም ሥር የሚሰጥ መድኃኒት) ካስፈለገ በዝቅተኛ መጠን ተጀምሮ ቀስ እያለ ይጨመራል፤ በ10 ደቂቃ ከ4 ምጥ በላይ እንዲመጣ አይደረግም። ይህን የሚያዘው ደግሞ ትልቁ ሐኪም ነው እንጂ ተረኛው በስልክ አይደለም።

ሌላ ወገን

እስካሁን የተባለው ልክ ነው፤ ግን ሚዛኑ ወደ አንድ ወገን ያጋደለ መሰለኝ። ቀን የተቆረጠለት ኦፕራሲዮንም ትክክለኛ ምርጫ ነው። ከሁሉ የከፋው ውጤት በምጥ ተሞክሮ ሳይሳካ በጥድፊያ የሚደረገው ኦፕራሲዮን ነው፤ ከታቀደው ይልቅ ብዙ ደም ይፈሳል፣ ኢንፌክሽንም ይበዛል። የመሳካት ዕድሏ ዝቅተኛ ለሆነ እናት ቀን ማስቆረጡ ይሻላል።

እህትሽን ግን ስንት ልጅ እንደምትፈልግ ጠይቂያት። ሁለት ይበቃኛል ካለች ኦፕራሲዮኑ መድገም ብዙ አይጎዳትም። አራት ካለች ግን ሒሳቡ ሌላ ነው። በየኦፕራሲዮኑ የእንግዴ ልጁ ጠባሳው ላይ ሥር የመስደድ ነገር ይጨምራል። የእንግዴ ልጁ በሩን ሸፍኖ ከተገኘ፣ ለሁለተኛ ኦፕራሲዮን በምትገባ እናት ላይ ይህ ከ100ው በ11ዱ ይታያል፣ በሦስተኛው በ40ዎቹ። ያኔ ማህፀን እስከ ማውጣት ይደረሳል። አሁንም አልትራሳውንዱ ላይ የእንግዴ ልጁ ከጠባሳው አንጻር የት እንደተቀመጠ ተጽፎ እንደሆነ እዩ። «ልጁ ትልቅ ነው» የሚለው ግምት ግን ብቻውን አያስደንግጣችሁ፤ እስከ 15 በመቶ ወደ ላይም ወደ ታችም ይስታል።

የሌሊት ተረኛ

ኦፕራሲዮኑን ብትመርጥም 39 ሳምንት ሳይሞላ አይሠራ፤ ቀድሞ ከሆነ ልጁ በአተነፋፈስ ይቸገራል። ቀን ከተቆረጠላቸው 10 እናቶች የአንዷ ምጥ ደግሞ ያንን ቀን አይጠብቅም። ስለዚህ 36 ሳምንት ላይ ካርዷ ላይ ሁለቱም ይጻፍ፦ ምን እንደመረጠች፣ ምጡ ቀድሞ ቢመጣ ደግሞ ልትሞክር ወይስ በቀጥታ ወደ ኦፕራሲዮን ልትገባ። የማስታወሻውን ኮፒ እዚያው ካርዱ ላይ ስቴፕል አድርጉት፤ ሌሊት የሚቀበላት ተረኛ የቀን ሐኪሟን አያገኝም።