የ«ሲንግልስ» ሳውንድትራክ፦ የ1992ቱ ይሻላል የ2017ቱ? የ«ሲዝንስ» ቅኝትስ?

ባለ ስድስት ክር (ጥያቄ)

ሰላም ለዚህ ቤት። ጥያቄዎቼ ሁሉም ስለ አንድ አልበም ናቸው፤ ካሜሮን ክሮው በሲያትል ስለሚኖሩ ላጤዎች የሠራው የ«ሲንግልስ» ፊልም ሳውንድትራክ (የፊልሙ ዘፈኖች ስብስብ)።

1. በ1992 የወጣው ባለ አንድ ሲዲውና በ2017 የወጣው ባለ ሁለት ሲዲው ልዩነታቸው ምንድን ነው? ተጨማሪው ዲስክ ገንዘብ የሚወጣበት ነው ወይስ ትርፍራፊ?

2. የክሪስ ኮርኔል (የሳውንድጋርደን ባንድ ድምፃዊ) «ሲዝንስ» በተለመደው ቅኝት አይመጣም። ኢንተርኔት ላይ ኤፍ-ኤፍ-ሲ-ሲ-ሲ-ኤፍ የሚል ተጽፏል፤ ግን ሦስተኛው ክር ሲ ሳይደርስ ይበጠሳል። ስህተቱ የቱ ጋ ነው? የአሊስ ኢን ቼይንስ ባንድ «ዉድ?»ስ ለምን ከሲዲው ጋር አብሮ ሲጫወቱት አይገጥምም?

3. «የሲያትል አልበም» ይባላል። የሮክ ባንዱ ኒርቫና የለበትም፤ የቺካጎዎቹ ስማሺንግ ፓምፕኪንስና የሚኒያፖሊሱ ፖል ዌስተርበርግ ግን አሉበት። ታዲያ የሲያትልነቱ ምኑ ላይ ነው?

(ዓመተ ምሕረቱን ሁሉም በፈረንጆቹ ይጻፍ፣ እንዳንደነጋገር።)

---

ሸክላ ቤት

ለመጀመሪያው እኔ ልመልስ።

የ1992ቱ 13 ዘፈን ነው፣ ርዝመቱ 65 ደቂቃ ገደማ። ሰኔ መጨረሻ ላይ ወጣ፤ ፊልሙ ግን ሲኒማ የገባው መስከረም ላይ ነው። ስለዚህ ብዙ ሰው ፊልሙን ሳያይ ነው ሙዚቃውን ያወቀው። በጣም ብዙ ስለታተመ አሮጌውን ሲዲ ማግኘት አያስቸግርም። ሲገዙ ዲስኩን ገልብጦ በብርሃን ማየት ነው፤ ከመሃል ወደ ጠርዝ የሚሄድ ጭረት ብዙም አይጎዳም፣ ክቡን ተከትሎ የሚዞር ጭረት ግን ያዘልላል። በካሴት የተቀዳ ከሆነ ደግሞ ጠይቁ፦ የ60 ደቂቃ ካሴት አይበቃውም፤ የሚቆረጠው የመጨረሻው ዘፈን፣ የስማሺንግ ፓምፕኪንስ «ድራውን» ነው። እሱ ብቻውን ከ8 ደቂቃ በላይ ይሄዳል።

የ2017ቱ ያንኑ 13 ዘፈን ይዞ በሁለተኛው ዲስክ 18 ይጨምራል። ትርፍራፊ ነው? ግማሹ አዎ። የዌስተርበርግ አኩስቲክ ቅጂዎች የአልበሙን ዘፈኖች ከመድገም ብዙም አያልፉም። ዋጋውን የሚያወጡት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንዱ አሊስ ኢን ቼይንስና ሳውንድጋርደን በፊልሙ ውስጥ መድረክ ላይ የተጫወቱት፤ ከአልበሙ ይልቅ ሻካራ ነው፣ ጥሩ ሻካራ። ሁለተኛው የኮርኔል የ«ፖንሲየር» ዘፈኖች ናቸው።

የፖንሲየር ነገር እንዲህ ነው። በፊልሙ ማት ዲለን ክሊፍ ፖንሲየር የሚባል ያልቀናው ሮከር ሆኖ ይሠራል። የፐርል ጃሙ ቤዝ ተጫዋች ጄፍ አሜንት ለዚህ ገጸ ባሕርይ የካሴት ሽፋን ሠራለት፣ የሌሉ ዘፈኖች ርዕስም ጻፈበት። ኮርኔል ርዕሶቹን አይቶ ቤቱ ገባና እውነተኛ ዘፈን ሠራላቸው፦ «ሲዝንስ»፣ «ስፑንማን»፣ «ፍለተር ገርል»፣ «ሚሲንግ»፣ «ኖዌር በት ዩ»። ለቀልድ የተጻፈ ርዕስ «ስፑንማን»ን ወለደ ማለት ነው፤ ሳውንድጋርደን በ1994 በ«ሱፐርአንኖውን» ላይ ያወጡት ያው ዘፈን ነው። አምስቱ ለብቻቸው በ2017 ሚያዝያ በሸክላ ታትመዋል። ባለ ሁለት ሲዲው ግንቦት 19 ቀን ወጣ፤ ኮርኔል ባረፈ ማግስት።

ዘፈኖቹን ከየቦታው እየለቀማችሁ ለምትደረድሩ ሁለት ወጥመድ አለ። የሲያትሉ ባንድ የማዘር ላቭ ቦን «ክሎይ ዳንሰር/ክራውን ኦቭ ቶርንስ» በራሳቸው በ«አፕል» አልበም ላይ ሁለተኛው ግማሹ ብቻ ነው ያለው፤ ፒያኖው ከፊት ያለበት ሙሉው 8 ደቂቃ «ሻይን» ከተባለው የ1989 ኢፒ (አጭር አልበም) ነው። «ድራውን»ንም ከፓምፕኪንስ «ሮተን አፕልስ» ስብስብ ከወሰዳችሁት ያ ረጅም የጊታር ፉጨት የለውም፣ ተቆርጧል።

---

ቃኚው

ወደ ሁለተኛው። ክሩ የሚበጠሰው የምትወጥረው ወደ ተሳሳተ አቅጣጫ ስለሆነ ነው።

ሦስተኛው ክር ጂ ነው። ከጂ ወደ ሲ ሁለት መንገድ አለ፤ ወደ ላይ 5 ግማሽ ድምፅ (አንዱ ግማሽ ድምፅ የአንድ ፍሬት፣ ማለትም አንገቱ ላይ ያለው የብረት መስመር፣ ርቀት ነው)፣ ወይም ወደ ታች 7። ወደ ላይ ከሄድክ ውጥረቱ በ78 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ የትኛውም ሦስተኛ ክር አይችለውም። ወደ ታች ነው የሚወርደው፣ ከአራተኛው ክር ጋር አንድ ድምፅ እስኪሆን። ከታች ወደ ላይ እንዲህ ይቃኛል፦

ስድስተኛው ኢ፣ በግማሽ ድምፅ ከፍ ብሎ ኤፍ።
አምስተኛው ኤ፣ በ4 ግማሽ ድምፅ ወርዶ ኤፍ፤ ከስድስተኛው ጋር አንድ ይሆናል።
አራተኛው ዲ፣ በ2 ወርዶ ሲ።
ሦስተኛው ጂ፣ በ7 ወርዶ ሲ።
ሁለተኛው ቢ፣ በ1 ከፍ ብሎ ሲ።
አንደኛው ኢ፣ በ1 ከፍ ብሎ ኤፍ።

መጀመሪያ የሚላሉትን ሦስቱን አላላ፣ ከዚያ የሚወጠሩትን ወጥር። በተገላቢጦሽ ካደረግከው አንገቱ ላይ ያለው ጫና ለጥቂት ጊዜ ከልኩ ያልፋል። አንድ ዙር አይበቃም፤ ሦስተኛው ዙር ላይ ነው ረግቶ የሚቀመጠው።

አሁን ሌላ ችግር ይመጣል። ሦስተኛው ክር ከግማሽ በታች ውጥረት ስለቀረው ይንቀጠቀጣል፣ ፍሬት ይመታል፣ ጣት ትንሽ ስትጫነው ድምፁ ከፍ ይላል። መፍትሔው ክር መቀየር ነው። ከሌላ ስብስብ የአራተኛውን ክር (ውፍረቱ 0.032 ኢንች) አውጥተህ ሦስተኛው ቦታ ላይ አድርገው። ለአምስተኛው ደግሞ ከ0.042 ይልቅ 0.047 ይሻላል። አንደኛውን 0.011 አድርግ፣ ከኤፍ ጋር እንዳይታገል። ወፍራሙ ክር አንገቱ ጫፍ ላይ ባለው ስንጥቅ ውስጥ ተጨናንቆ «ጠሽ» እያለ የሚዘልል ከሆነ የእርሳስ ዱቄት ቀባው። ሞረድ ይዘህ አትቸኩል፤ አንዴ የሰፋ ስንጥቅ አይመለስም።

ክር መቀየር ካልፈለግክ ካፖ (ክሮቹን አንድ ፍሬት ላይ አጥብቆ የሚይዝ መቆንጠጫ) አለ። ኢ-ኢ-ቢ-ቢ-ቢ-ኢ ቃኝና አንደኛው ፍሬት ላይ ካፖ እሰር። ድምፁ ያው ኤፍ-ኤፍ-ሲ-ሲ-ሲ-ኤፍ ነው፤ ስድስተኛው፣ ሁለተኛውና አንደኛው ክር ከቦታቸው አይነኩም። ጉዳቱ፣ የላሉት ሦስቱ በሌላ ግማሽ ድምፅ ይላላሉ። ለመለማመድ ይበቃል፤ ለመቅዳት ግን ወፍራሙን ክር።

ክራር የሚያውቅ ሰው ይህን ቅኝት ቶሎ ይለምደዋል። ያልተነካው ክር ሁሉ ዜማው ውስጥ ስለሆነ ግራ እጅ የሚሠራው ጥቂት ነው፤ ዘፈኑ የሚኖረው በቀኝ እጅ ነው። በተለመደው ቅኝት ኮርድ ፈልጎ ማስመሰል ይቻላል፣ ግን ያ የሁለት ክር አንድ ላይ መጮህ ከየትም አይመጣም።

«ዉድ?» ቀላል ነው። ጊታሩም ቤዙም በግማሽ ድምፅ ዝቅ ያሉ ናቸው። ቤዙ ከታች ኢ ፍላት፣ ኤ ፍላት፣ ዲ ፍላት፣ ጂ ፍላት። በተለመደው ቅኝት ከሲዲው ጋር ከተጫወትክ እስከ መጨረሻው በግማሽ ድምፅ ትላተማለህ። ቤዙ ብቻውን ስለሚከፍት ስህተቱ ከመጀመሪያው ኖታ ይጋለጣል።

---

ባለ ስድስት ክር

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ካፖው ሠርቷል። ኤሌክትሪኩ ጊታሬ ግን ተንሳፋፊ ብሪጅ (በክሮቹና በስፕሪንጎች መካከል ተወጥሮ የሚቆም የክር ማሰሪያ) ያለው ነው፤ ሁሉንም ክር በግማሽ ድምፅ ሲያወርዱት ብሪጁ ወደ ውስጥ ሰመጠ፣ ክሮቹም ፍሬት ላይ ተኙ።

---

ቃኚው

የሚጠበቅ ነው። የክሮቹ ውጥረት በ11 በመቶ ገደማ ሲቀንስ ከኋላ ያሉት ስፕሪንጎች ያሸንፋሉ። የኋላውን ክዳን ክፈት፣ ስፕሪንጎቹን የያዙትን ሁለት ብሎኖች እኩል እኩል ሩብ ዙር አላላ፣ እንደገና ቃኝ፣ ብሪጁን ከጎን እይ። ከጊታሩ ገጽ ጋር ትይዩ እስኪሆን ድገመው። ሳትቃኝ ብሎኑን ብቻ ካዞርክ ልኩን አታገኘውም፣ ሁለቱ አብረው ነው የሚሄዱት። ወይም ከ0.009 ወደ 0.010 ስብስብ ከፍ በል፤ የጎደለውን ውጥረት ከሞላ ጎደል ይመልሰዋል።

---

የዝናቡ ከተማ

ሦስተኛው ጥያቄ ነው እኔን የሚበላኝ። አልበሙ ስለ ሲያትል ሙዚቃ በሙሉ አይናገርም፤ የሚናገረው ስለ አንድ የወዳጆች ክበብ ነው። የክበቡ መሃል ደግሞ አንድ ሟች አለ።

አንድሩ ዉድ፣ የማዘር ላቭ ቦን ድምፃዊ፣ በ1990 መጋቢት በሄሮይን ሞተ፤ የባንዱ አልበም ሳይወጣ። ለቅሶው ላይ ሙዚቀኞቹ እንዴት እንደተሰበሰቡ ማየቱ ለፊልሙ መነሻ እንደሆነው ክሮው ራሱ ተናግሯል። አሁን ዝርዝሩን በዚህ ዓይን ተመልከት። «ዉድ?» ጄሪ ካንትሬል ሟቹን እያሰበ የጻፈው ነው። «ክሎይ ዳንሰር» የሟቹ የራሱ ድምፅ። ፐርል ጃም የሟቹ ባልደረቦች፣ ጎሳርድና አሜንት፣ ከሐዘኑ በኋላ ያቆሙት ባንድ ነው፤ ሁለት ዘፈን አላቸው፣ ሁለቱም የመጀመሪያ አልበማቸው «ቴን» ላይ የሌሉ። ኮርኔል ከዉድ ጋር በአንድ ቤት የኖረ ሰው ነው። ላቭሞንገርስ የሚባሉት የሃርት እህትማማቾች የአን እና የናንሲ ዊልሰን ቡድን ሲሆን ናንሲ ያኔ የክሮው ሚስት ነበረች። ይህ የከተማ ቆጠራ ሳይሆን ለቅሶ ቤት የተቀመጡ ሰዎች ስም ዝርዝር ነው።

ኒርቫና በዚያ ድንኳን ውስጥ አልነበሩም። ፊልሙ የተቀረጸው በ1991 ጸደይ ነው፤ የኒርቫና አልበም «ኔቨርማይንድ» የወጣው በዚያው ዓመት መስከረም። የሚገርመው ግን ቀረጻው ላይ «ጃቫ ስቶፕ» የተባለው ቡና ቤት ኦኬ ሆቴል ነው፤ ኒርቫና «ስሜልስ ላይክ ቲን ስፒሪት»ን ለመጀመሪያ ጊዜ በሕዝብ ፊት የተጫወቱት በዚያው ቤት፣ ሚያዝያ 17 ቀን 1991። ያው ጸደይ፣ ያው ቤት! ቤቱ ከ2001ዱ የመሬት መንቀጥቀጥ በኋላ ተዘግቷል። ለሲያትል ሐበሾች፦ የፊልሙ ላጤዎች የሚኖሩበት ሕንፃ ካፒቶል ሂል ላይ፣ ኢስት ቶማስና 19ኛ አቬኑ ጥግ ነው፤ ሰው ይኖርበታልና ከመንገዱ ማዶ ሆናችሁ እዩት።

---

ጭቃ ማር

የዝናቡ ከተማ፣ ያልከው ልክ ነው፣ ግን የሐዘኑን ክር ብቻ ይዘህ ንግዱን ረሳኸው። አልበሙን ያወጣው ኤፒክ የተባለው የሙዚቃ ኩባንያ ነው፤ ፐርል ጃምና ስክሪሚንግ ትሪስ የኤፒክ ሰዎች ናቸው፣ አሊስ ኢን ቼይንስ የእህት ኩባንያው የኮሎምቢያ። ስክሪሚንግ ትሪስ ደግሞ ከሲያትል ሳይሆን ከተራራው ማዶ፣ ከኤለንስበርግ የመጡ ናቸው። ዌስተርበርግ የሪፕሌስመንትስ መሪ ስለነበረ ክሮው ወደደው፣ ከሚኒያፖሊስ አመጣው። ሁለቱ ዘፈኖቹ ለፊልሙ ፍቅር ይመቻሉ፤ ከሳውንድጋርደን «በርዝ ሪችዋል» አጠገብ ሲሰሙ ግን ከሌላ ግብዣ የመጡ ይመስላሉ።

የሰፈሩን ነዋሪ ድምፅ ከዚህ አልበም የምትሰማው መድሃኒ (Mudhoney) የተባለው የሲያትል ባንድ ላይ ነው። «ኦቨርብሎን» በገዛ ከተማቸው ዙሪያ በተነሳው ጫጫታ ላይ የሚያሾፍ ዘፈን ነው፤ ያ ጫጫታ በሚሸጥበት አልበም ላይ ተቀምጦ። ፊልሙም በእነሱ ይቀልዳል፦ የዲለን ባንድ ሲቲዝን ዲክ የሚጫወተው የመድሃኒን የ1988 «ተች ሚ አይም ሲክ» እየቀየረ ነው። ከበሮው ላይ የተቀመጠው የፐርል ጃሙ ድምፃዊ ኤዲ ቬደር ነው።

ድምፃቸውን የሚፈልግ ምስጢሩን ከመጀመሪያው ኢፒያቸው ርዕስ ያገኘዋል፤ «ሱፐርፈዝ ቢግማፍ» የጊታርን ድምፅ የሚያሻክሩ የሁለት ፔዳሎች ስም ነው። ቢግ ማፍ ብቻውን መኝታ ቤት ውስጥ ግዙፍ ነው፣ ከባንድ ጋር ሲሆን ግን ይጠፋል፤ መካከለኛውን ድምፅ ስለሚበላ ቤዝና ከበሮ ይውጡታል። አምፑ ላይ መካከለኛውን ከግማሽ በላይ ክፈት፣ ፔዳሉ ላይ ያለውን ቶን ከመሃል ትንሽ ወደ ቀኝ፣ ሰስቴኑን ከምታስበው ዝቅ። ሰስቴኑ እስከ ጥግ ከተከፈተ ኮርዱ ተድበስብሶ አንድ ግርግር ይሆናል።

ጥያቄው «ሰፈሩን እንዳለ መስማት» ከሆነ ግን መልሱ ሌላ መደርደሪያ ላይ ነው። በ1986 የወጣው «ዲፕ ሲክስ» ስድስት ባንድ ይዟል፦ ግሪን ሪቨር፣ ሜልቪንስ፣ ማልፈንክሹን፣ ስኪን ያርድ፣ ሳውንድጋርደን፣ ዩ-ሜን። ማልፈንክሹን የዚያው የአንድሩ ዉድ የመጀመሪያ ባንድ ነው። ከግሪን ሪቨር መድሃኒም ማዘር ላቭ ቦንም ወጡ። ቀጥሎ የ1988ቱ «ሰብ ፖፕ 200»፤ እዚያ ኒርቫና አሉ። ከዚያ የ1996ቱ «ሃይፕ!» ዘጋቢ ፊልም ሳውንድትራክ። እነዚህን ሦስቱን ሰምተህ ወደ «ሲንግልስ» ስትመለስ ማን እንደጎደለ ብቻ ሳይሆን ማን ከየት እንደመጣም ይገባሃል።

---

ሸክላ ቤት

አንዲት ማሳሰቢያ፣ ለገዢዎች። «ዲፕ ሲክስ»ን ከ«ሲንግልስ» ቀጥሎ የምታጫውቱ ከሆነ የድምፅ ቁልፉን አስቀድማችሁ ንኩ። በጥቂት ገንዘብ የተቀዳ ስለሆነ ዝቅ ያለና የደበዘዘ ነው፤ ለእሱ ብላችሁ ከፍ አድርጋችሁ ስታበቁ «ዉድ?» ተመልሶ ሲገባ ጎረቤት ይነሳል።