በሰዓት 154.5 ኪሎ ሜትር የሮጠችው የባቫሪያ ሎኮሞቲቭ ለምን አንድ ብቻ ተሠራች?

ሐዲድ ተከታይ
ሰላም ለሁላችሁ። የጀርመንን የድሮ ፈጣን የመንገደኛ ባቡሮች ፎቶ ባየሁ ቁጥር ሁለት ነገር ግራ ያጋባኛል። አንደኛ፣ ጎማቸው ለምን እንደዛ ገዘፈ? ከሰው ቁመት የሚበልጥ ጎማ እኮ ነው! ሁለተኛው ደግሞ የባቫሪያዋ (የደቡብ ጀርመኗ ግዛት) ሎኮሞቲቭ ኤስ 2/6 ነገር ነው። በ1907 (ዓመቱን በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው) ከሙኒክ አውግስቡርግ ባለው መስመር ላይ በሰዓት 154.5 ኪሎ ሜትር ሮጣለች። ታዲያ ይህን ያህል ከፈጠነች ለምን ሌላ አልሠሩም? አንዷን ብቻ ሠርተው ተዉ። ገንዘብ አጥሯቸው ነው ወይስ አንድ ችግር ነበረባት?

ፒስተን
የጎማውን ልመልስልህ። የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ ማርሽ የላትም። ፒስተኑ አንዴ ሄዶ ሲመለስ ጎማው አንድ ዙር ይዞራል፣ አለቀ። ስለዚህ መፍጠን ከፈለግህ ወይ ፒስተኑን በጣም ታጣድፈዋለህ ወይ ጎማውን ታተልቀዋለህ። ፒስተኑን ማጣደፍ ደግሞ ገደብ አለው፤ ከባድ የብረት ዘንግ ወዲያና ወዲህ ሲወረወር ሎኮሞቲቯ በሙሉ ትንቀጠቀጣለች፣ ዘይቱ አይበቃም፣ የተሠራበት እንፋሎትም ከሲሊንደሩ (ፒስተኑ ከሚመላለስበት ቱቦ) ቶሎ መውጣት ያቅተዋል።

በቁጥር እየው። የኤስ 2/6 የሚነዳው ጎማ ከዳር እስከ ዳር 2.2 ሜትር ነው፣ በአንድ ዙር ወደ 6.9 ሜትር ይሄዳል። በ154.5 ፍጥነት በሰከንድ ከ6 ዙር ትንሽ ይበልጣል ማለት ነው። ጎማው 1.87 ሜትር ቢሆን ኖሮ ከ7 ዙር በላይ ያስፈልግ ነበር።

ነገሩ ከዛም በፊት የጀመረ ነው። በ1850ዎቹ በደቡብ ምዕራብ ጀርመን ያሉት ባደንና ፕፋልዝ የእንግሊዛዊውን የቶማስ ክራምፕተንን ንድፍ ወስደው ነበር። በዚያን ጊዜ ቦይለሩ (ውሃው ወደ እንፋሎት የሚለወጥበት ጋን) ከፍ ካለ ባቡሩ ይገለበጣል ብለው ይፈሩ ስለነበር ክራምፕተን ትልቁን ጎማ ከእሳቱ ምድጃ ኋላ አደረገውና ቦይለሩን ዝቅ አድርጎ አስተኛው። መልኳ ትንሽ ያስቃል፣ ግን ትሮጥ ነበር። ችግሯ አንድ ጥንድ ጎማ ብቻ ነው የሚነዳት፤ እሱም ጫፍ ላይ ስለሆነ በቂ ክብደት አያርፍበትም። ከባድ ባቡር ስትጎትት ጎማው ሐዲዱ ላይ ባዶውን ይዞራል።

የማፋይ ወዳጅ
የሁለተኛው ጥያቄህ መልስም «ፒስተን» መጨረሻ ላይ ስለ ክራምፕተን በጻፈው ውስጥ አለ። 2/6 ማለት ከስድስቱ የጎማ ጥንዶች የሚነዱት ሁለቱ ብቻ ናቸው ማለት ነው። ሌሎቹ ክብደት ይሸከማሉ እንጂ አይጎትቱም። በሪከርዱ ቀን ከኋላዋ የነበረው ባቡር 150 ቶን ገደማ ነበር። ለሙከራ ጥሩ ነው። የመንገደኛ ባቡር ግን በየዓመቱ ይከብድ ነበር፦ ባለ ኮሪደር ፉርጎ መጣ፣ ምግብ ቤት ያለው ፉርጎ መጣ፣ መኝታ ያለው መጣ። ደግሞ የባቫሪያ መስመር ሁሉ ሜዳ አይደለም፣ ዳገት አለው።

የኤስ 2/6 ንድፍ የማፋይ ሎኮሞቲቭ ፋብሪካው የአንቶን ሃመል ነው። በ1906 ኑረምበርግ ላይ በነበረው ትልቅ ኤግዚቢሽን ቀርባለች፤ እንደኔ ከሆነ ከመጀመሪያውም ለማሳያ ያደላች ናት። ያው ሰውዬ በ1908 ያወጣት ኤስ 3/6 ግን ሦስት የሚነዱ ጥንዶች አሏት፣ ጎማዋም ወደ 1.87 ሜትር አንሷል። እሷ እስከ 1930ዎቹ መጀመሪያ ድረስ እየተመረተች ብዛቷ 159 ደርሷል! 2 ሜትር ጎማ የተሰጣቸው 18 ብቻ ናቸው። ኤስ 2/6ን ግን ጣሏት እንዳትል፤ በ1910 ወደ ፕፋልዝ ተልካ ስትሠራ ቆይታ ነው በ1925 ሙዚየም የገባችው።

ሰሜኑስ?
ሁላችሁም ባቫሪያ ባቫሪያ ትላላችሁ። ቆንጆ ሎኮሞቲቭ ስለሠሩ እንጂ ዋናው ሥራ የነበረው ሰሜኑን በያዘችው ግዛት፣ ፕሩሲያ ላይ ነው። የፕሩሲያዋ ኤስ 3 ከ1893 ጀምሮ ከ1,000 በላይ ተሠርታለች። እሷ ኮምፓውንድ ናት፣ እንፋሎቱን በትንሹ ሲሊንደር ከተጠቀመችበት በኋላ ወደ ትልቁ አሳልፋ ድጋሚ ታሠራዋለች። ከዛ መሐንዲሱ ቪልሄልም ሽሚት መጣና እንፋሎቱን ከቦይለር ከወጣ በኋላ እንደገና ማጋል ጀመረ፤ በ1898 ፕሩሲያ ሞከረችው። የጋለው እንፋሎት ሲሊንደር ውስጥ ወደ ውሃ አይለወጥም፣ ስለዚህ ጉልበቱ አይባክንም።

የፕሩሲያ ባቡር መሐንዲሱ ሮበርት ጋርበ ይህን ሲያይ፣ እንፋሎቱ ከጋለ እንደ ባቫሪያዎቹ አራት ሲሊንደርና ኮምፓውንድ ምን ያደርጋል፣ ሁለት ሲሊንደር ይበቃል አለ። ኤስ 6 ከ1906 ጀምሮ እንደዚያ ሆና ወጣች። 2.1 ሜትር ጎማ፣ ሁለት የሚነዱ ጥንዶች፣ በጠቅላላው 584። አዎ፣ እንደ ኤስ 2/6 ሁለት ናቸው! ሰሜኑ ሜዳ ስለሆነ ነው የቻለችው። ለጥገና ቀላል፣ ዋጋዋም ረከስ ያለ። እኔን ከጠየቃችሁኝ ከአንድ ቀን ሪከርድ ይህ ይበልጥብኛል። እርግጥ ባቡሩ ሲከብድ ፕሩሲያም በ1910 ኤስ 10ን በሦስት ጥንድ አወጣች።

ሐዲድ ተከታይ
አመሰግናለሁ፣ ብዙ ገባኝ። ግን ጋርበ ትክክል ከሆነ ባቫሪያ በአራት ሲሊንደር ኮምፓውንድ ለምን ቀጠለች? የጋለውን እንፋሎት አልፈለጉትም?

የማፋይ ወዳጅ
ፈልገውታል፣ ኤስ 3/6 ሁለቱንም አላት። ምክንያቱ ከሰል ነው። ፕሩሲያ ሩር አካባቢ ከሰል ላይ ተቀምጣለች፤ ባቫሪያ ግን ጥሩ ከሰል ከሩቅ ታስመጣ ስለነበር ትንሽ የሚቆጥብ ማሽን ከሆነ ለጥገናው ቢያስከፍላትም ያዋጣት ነበር። ደግሞ አራቱ ሲሊንደሮች እርስ በርሳቸው ስለሚመጣጠኑ ሎኮሞቲቯ በፍጥነት ላይ ብዙ አትንቀጠቀጥም። ጋርበ ለፕሩሲያ ልክ ነበር፣ ሃመል ለባቫሪያ።