ቫይራል ሎዴ አይታይም፣ መድኃኒት ልቀይር ወይስ ባለሁበት ልቀጥል?

ዝምተኛው፦
ሰላም ለሁላችሁ፣ አንድ ነገር ላማክራችሁ። የኤችአይቪ መድኃኒት ከጀመርኩ ጀምሮ ያችን ማታ የምትዋጠዋን ኢፋቪረንዝ ያለባትን አንድ ፍሬ ነው የምወስደው፣ ቫይራል ሎዴም (በደሜ ውስጥ ያለው የቫይረስ መጠን) ሁሌ አይታይም ነው የሚሉኝ፣ አሁን ሐኪሜ ወደ ዶሉቴግራቪር እንቀይርልህ አለኝ። የሚሠራ ነገር ለምን ይነካል ብዬ ከበደኝ። እውነቱን ለመናገር ሕልሙ ያስቸግረኛል፣ ሌሊቱን ሙሉ ስሮጥ አድራለሁ፣ ጠዋትም ጭንቅላቴ ቶሎ አይጠራም፣ ግን ለምጄዋለሁ። አዲሱ ደሞ ያወፍራል አሉ። የቀየራችሁ እስቲ ንገሩኝ

ብርቱካን፦
ወንድሜ እኔ ቀይሬያለሁ። ያ ሕልምና ማዞር የኢፋቪረንዙ ነው፣ ድብርትም ያመጣል እኮ፣ ሰው ግን ከሐሳብ ነው እያለ ዝም ይላል። ከቀየርኩ በኋላ እንደ ሰው መተኛት ጀመርኩ። ክብደቱ ላይ አልዋሽህም ጨምሬያለሁ፣ ቀሚሶቼ ዚፕ አልዘጋ ብለውኛል 😅 አንዳንዱን ሰው ደሞ እንቅልፍ ይነሳል፣ እንደዛ ከሆነብህ ጠዋት ዋጠው

አባ ቀስ በቀስ፦
እኔ ግን እስካሁን አልቀየርኩም። እንቅልፌ ሰላም፣ ቫይራል ሎዴ ሰላም፣ ስኳር ስላለብኝ መወፈር አልፈልግም። ሐኪምህን ምኔን ልታስተካክልልኝ ነው ብለህ ጠይቀው፣ መልሱ ካልገባህ አትቸኩል

ፋርማሲስቷ፦
አባ ጥያቄው ጥሩ ነው፣ መልስም አለው። ኢፋቪረንዝ ላይ ዶዝ ሲዘለል ቫይረሱ ቶሎ ይላመደዋል፣ ዶሉቴግራቪርን ግን በቀላሉ አይችለውም፣ የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2019 ተመራጭ ያደረገው በዚህም በሳይድ ኢፌክቱ ማነስም ነው። ዛሬ አይታይም ማለት ነገም አይታይም ማለት ስላልሆነ ዝምተኛው በዛ ሕልም ላይ ብትቀይር ይሻልሃል ባይ ነኝ። ግን ሌላ የምትወስደውን ሁሉ ተናገር። የጨጓራ አንታሲድ ካለ ዶሉቴግራቪሩን ከሱ 2 ሰዓት አስቀድመህ ወይም 6 ሰዓት አዘግይተህ ነው የምትውጠው። ካልሲየምና አይረንም እንደዛው፣ እነሱን ግን ከምግብ ጋር ከሆነ አብረህ መዋጥ ትችላለህ። አባ፣ እርስዎም የስኳሩ ኪኒን ሜትፎርሚን ከሆነ ዶሉቴግራቪር በደም ውስጥ ከፍ ስለሚያደርገው ሲቀይሩ መጠኑ መታየት አለበት። የቲቢ ሪፋምፒሲን ያለበት ሰው ደሞ ዶሉቴግራቪሩን በቀን ሁለቴ ነው የሚወስደው። ክሪያቲኒን የሚባለው የኩላሊት ምርመራ ቁጥር መጀመሪያ ላይ ትንሽ ከፍ ቢል ኩላሊቴ አለቀ ብላችሁ አትደንግጡ፣ ዶሉቴግራቪር ኩላሊት ሳይጎዳ ቁጥሩን ከፍ ያደርገዋል፣ አብሮት ያለው ሌላው መድኃኒት ቴኖፎቪር ግን ኩላሊት ሊነካ ስለሚችል ምርመራው አይቀርም

ሚሚ፦
ይቅርታ ጣልቃ ልግባ፣ ማርገዝ ለምትፈልግ ሴት አይሆንም ሲሉ ሰምቼ ነበር??

ፋርማሲስቷ፦
ሚሚዬ እ.ኤ.አ. በ2018 ከቦትስዋና ጥናት የሕፃናት የአንጎልና የአከርካሪ አፈጣጠር ችግር ስጋት መጥቶ ነበር፣ በኋላ ብዙ እናቶች ሲታዩ ስጋቱ አልጸናም፣ አሁን ለነፍሰ ጡርም ይሰጣል። እንደውም ክንድ ላይ የሚቀበረውን የወሊድ መከላከያ የሚያዳክመው ኢፋቪረንዝ ነው

ብርቱካን፦
ዝምተኛው ሄፓታይተስ ቢ ተመርምረሃል? እኔን መጀመሪያ የጠየቁኝ እሱን ነው

ዝምተኛው፦
ኧረ ተመርምሬ አላውቅም መሰለኝ፣ ከዚህ ጋር ምን አገናኘው?

ፋርማሲስቷ፦
በፍሬዋ ውስጥ ከኢፋቪረንዙ ጋር ያሉት ቴኖፎቪርና ላሚቩዲን ሄፓታይተስ ቢንም ይዘው ነው የሚያቆዩት፣ ቴኖፎቪሩ ከወጣ ጉበቱ ላይ ሊነሳ ይችላል። ኢፋቪረንዙ ብቻ በዶሉቴግራቪር ተተክቶ ሁለቱ ከቀጠሉ ችግር የለውም፣ ቴኖፎቪር የሌለበትን ባለሁለት መድኃኒቱን (ዶሉቴግራቪርና ላሚቩዲን ብቻ) እንስጥህ ካሉህ ግን መጀመሪያ ተመርመር

ዝምተኛው፦
እሺ ተመርምሬ እቀይራለሁ፣ ክብደቴንም ከመጀመሬ በፊት እመዘናለሁ። የተረፈኝን አሮጌውን ጨርሼ ነው የምጀምረው?

ፋርማሲስቷ፦
መጨረስ የለብህም። አዲሱ እጅህ እስኪገባ አሮጌውን አታቋርጥ፣ ማታ አሮጌውን ከዋጥክ በማግስቱ አዲሱን ትጀምራለህ፣ መሃል ላይ ባዶ ቀን እንዳታስገባ፣ ሁለቱንም አብረህ እንዳትውጥ። የተረፈውን ለጤና ጣቢያው መልስላቸው