ድረሱልኝ፣ ኒውሮኔ ገና ሳይነሳ «ናን» ሆነብኝ

ሚሚ፦ ወገን ድረሱልኝ! የሆጅኪንና ሃክስሊን ሞዴል (ኒውሮን፣ ማለትም የነርቭ ሴል፣ እንዴት እንደሚተኩስ የሚያሰላውን) በፓይተን ጽፌ ቮልቴጁ ከሁለተኛው ቁጥር ጀምሮ እስከ መጨረሻው «ናን» (ኮምፒውተሩ «ቁጥር አይደለም» ሲል) ነው። ግራፉ ባዶ። ነገ ጠዋት ለአማካሪዬ ላሳይ ነው፣ ከዚያ ሁለት ኒውሮን አገናኝቼ ሲናፕሱ (መገናኛቸው) ሲጠነክር፣ ማለትም ሲማሩ፣ ማየት ነበር ሐሳቤ። ቀመሮቹን ሦስቴ አይቻቸዋለሁ፣ ልክ ናቸው።

ቡና በጨው፦ የጊዜ እርምጃህን አሳንሰው ወንድሜ። 0.01 ሚሊሰከንድ።

ሚሚ፦ እህትህ ነኝ። ያለውም 0.01 ነው።

ጋሽ ሰርኪዩት፦ ልጆች፣ መጀመሪያ ታሪኩን እወቁ። ሆጅኪንና ሃክስሊ እ.ኤ.አ. በ1952 ያወጡት ሞዴል ስኩዊድ ከሚባለው የባሕር እንስሳ ወፍራም አክሰን (የነርቭ ክር) ላይ ተለክቶ የተሠራ ነው። የካምብሪጁ ኮምፒውተር ለማሻሻያ ቆሞ ስለነበር ሃክስሊ ስሌቱን በእጅ በሚዘወር ማሽን ነው የጨረሰው፣ ሳምንታት ፈጅቶበት። እናንተ በአንድ ደቂቃ ትሠሩትና ታማርራላችሁ።

ኮድ ቆራሹ፦ ጋሼ፣ ልጅቷ እሳት ላይ ናት 😂

ዝም አልልም፦ ቆይ፣ መማርን ለማሳየት በአራት እኩልታ ምን አሰቃየሽ? ሊኪ ኢንተግሬት ኤንድ ፋየር የሚባለው ቀለል ያለ የኒውሮን ሞዴል አንድ እኩልታ ነው፣ ይበቃሻል። ሲናፕሱ የሚያየው ስፓይኩ (የኤሌክትሪክ ምቱ) መቼ እንደመጣ ነው፣ የሶዲየም በሩ (ሶዲየም ወደ ሴሉ የሚገባበት) እንዴት እንደተከፈተ ምን አገባው?

ሚሚ፦ አማካሪዬ ሶዲየሙን ማየት ይፈልጋል። ኧረ ስለ ናኑ!

ቡና በጨው፦ 0.001 ሞክሪዋ።

ኮድ ቆራሹ፦ ኧረ ተው! በእርምጃ ትልቅነት ቢሆን ትንሽ ተወዛውዞ ነበር የሚፈነዳው። ከሁለተኛው ቁጥር ከሞተ ሌላ ነገር ነው። መነሻ ቮልቴጅሽ ስንት ነው?

ሚሚ፦ -40 ሚሊቮልት። ቶሎ እንዲተኩስልኝ ብዬ።

ኮድ ቆራሹ፦ በቃ ተያዘ። አልፋ ኤም (የሶዲየም በሩ የሚከፈትበት ፍጥነት) ላይ፣ ከላይ ቮልቴጅ ሲደመር 40 አለ፣ ከታች 1 ሲቀነስ ኤክስፖኔንሻል። -40 ላይ ሁለቱም ዜሮ ይሆናሉ። ዜሮን ለዜሮ ስታካፍዪ ናምፓይ (የፓይተን የሒሳብ መሣሪያ) ማስጠንቀቂያ ወርውሮ ናን ይሰጥሻል፣ ማስጠንቀቂያውን ደግሞ ማንም አያነበውም፣ እኔም አላነበውም ነበር። ከ-65 ጀምሪ፣ የበሮቹ መነሻ ቁጥሮች ኤም 0.05፣ ኤች 0.6፣ ኤን 0.32 ይሁኑ፣ በካሬ ሴንቲሜትር 10 ማይክሮአምፔር ስጪው፣ ይተኩሳል። ቀዳዳውን ግን ድፈኚው። ቮልቴጁ -40 ጋ ሲደርስ አልፋ ኤም 1 ይሁን። አልፋ ኤንም (የፖታሲየም በሩ የሚከፈትበት ፍጥነት) -55 ላይ ያው በሽታ አለበት፣ እዚያ 0.1 አድርጊው።

ዝም አልልም፦ አንድ እኩልታ ቢሆን ይሄ ሁሉ ጣጣ የለም።

ኮድ ቆራሹ፦ ሚሚ፣ ተኮሰልሽ?

ቡና በጨው፦ እኔ ጋ ግን በ0.01 ሠርቷል።