ላምባው ረክሷል፤ ታዲያ ሮክፌለር ምን አጠፋ?

አወያይ፦ ባለፈው ሳምንት ጋሽ ባለሱቅ አንድ ነገር ተናግረው ክርክሩ ሳይቋጭ ቀርቶ ነበር። "ኩባንያ ትልቅ ስለሆነ ብቻ ጠላት አይሆንም። ዕቃው ረክሶ ሕዝብ ጋ ከደረሰ ሌላው ወሬ ነው" ነበር ያሉት። ምሳሌያቸው የነዳጅ ባለሀብቱ ጆን ሮክፌለርና ኩባንያው ስታንዳርድ ኦይል ነበሩ። ዛሬ እዚያው እንቆይ፤ አሜሪካ፣ ከ1870 እስከ 1900 ገደማ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። ስድብ የለም። ጋሼ፣ መድረኩ የእርስዎ ነው።

ባለሱቁ፦ እግዜር ይስጥልኝ። የኔ ነገር አጭር ነው። በ1870 አንድ ጋሎን ላምባ 26 ሳንቲም ገደማ ይሸጥ ነበር። በ1880ዎቹ አጋማሽ ከ10 ሳንቲም በታች ወርዷል። ልብ በሉ፣ በየቤቱ ኤሌክትሪክ የለም። ድሃ ሰው ጀንበር ስትጠልቅ ይተኛል። ላምባ ሲረክስ የድሃ ልጅም ማታ ማንበብ ቻለ። ይህን ያደረገው መንግሥት አይደለም። ብክነት ሲያይ እንቅልፍ የሚያጣ ነጋዴ ነው።

ስለ ሰውየው የሚተረከውን ልንገራችሁ። ወደ ውጭ የሚላከው ላምባ በቆርቆሮ ይታሸግ ነበር። ሮክፌለር ማሸጊያው ጋ ቆሞ አየ። አንዱን ቆርቆሮ ለመድፈን ስንት ጠብታ ብየዳ እንደሚፈስ ጠየቀ። 40 አሉት። እስኪ በ38 ሞክሩት አለ። ተሞከረ፤ ጥቂቶቹ አፈሰሱ። በ39 ሲሞከር አንድም አላፈሰሰም። ከዚያ ወዲያ 39 ሆነ ደንቡ። በዚያች አንድ ጠብታ በመጀመሪያው ዓመት 2,500 ዶላር ተረፈ። እንዲህ ያለውን ሰው ነው እንግዲህ ቀማኛ የምትሉት።

ቲቸር፦ ጋሼ፣ ጠብታዋን አልነጥቅዎትም፤ ጎበዝ ነጋዴ ነበር። ግን አቆጣጠርዎ ከ1870 መጀመሩ ለእርስዎ ተመችቷል። ከ1865 እስከ 1870 ባለው ጊዜ ዋጋው ከግማሽ በላይ ወርዶ ነበር። ያኔ ሮክፌለር ከብዙዎቹ አንዱ ነው። ያወረደው ውድድሩና ከመሬት እየፈለቀ የተትረፈረፈው ድፍድፍ ነው። እሱ የመጣው እየወረደ ያለውን ዋጋ ተከትሎ ነው።

አሁን ወደ 1872 ልውሰድዎት። ሳውዝ ኢምፕሩቭመንት የሚባል ኩባንያ ከሦስት የባቡር ድርጅቶች ጋር በሚስጥር ተዋዋለ፤ ከፔንስልቬንያ፣ ከኢሪና ከኒውዮርክ ሴንትራል ጋር። ሮክፌለር ከዋናዎቹ አባላት አንዱ ነው። የውሉ አንዱ ክፍል ለአባላቱ የጭነት ቅናሽ ይሰጣል። ይህ ብርቅ አይደለም፤ ብዙ የሚጭን ቅናሽ ይጠይቃል። ጉዱ ሁለተኛው ክፍል ነው። አባል ያልሆነው ተወዳዳሪ በሙሉ ዋጋ ሲጭን፣ እሱ ከከፈለው ላይ ተቆርጦ ለአባላቱ ይሰጣል! ከሱቅዎ ማዶ ያለው ሰውዬ ስኳር ባስጫነ ቁጥር፣ ከሱ የመኪና ኪራይ ላይ ለእርስዎ ተቆርጦ ይመጣል እንደማለት ነው። ማን ምን ያህል ወዴት እንደጫነም ባቡሩ ይነግርዎታል።

ወሬው ሲወጣ የፔንስልቬንያ ነዳጅ አውጪዎች አመፁ። ለእነዚህ ሰዎች አንሸጥም አሉ። የክልሉ ምክር ቤት የኩባንያውን ፈቃድ ሰረዘ። በዚያ ውል አንድ በርሜል እንኳ አልተጫነም። ነገር ግን እስከዚያ ድረስ ሮክፌለር ክሊቭላንድ ከተማ ውስጥ ከነበሩት 26 ተወዳዳሪ ማጣሪያዎች 22ቱን ጠቅልሎ ጨርሷል። በ1880 ገደማ ከሀገሪቱ የማጣሪያ ሥራ 90 በመቶው በእጁ ነበር።

ባለሱቁ፦ ጠቅልሎ ስትይ በሽጉጥ የወሰደ አስመሰልሽው። ገንዘብ ወይ አክሲዮን ምረጡ ነው ያላቸው። አክሲዮኑን የያዘ ሰው ልጅ ልጁ ድረስ ጠግቧል።

ቀልደኛው፦ እኔ ብሆን አክሲዮኑን ነበር። ከዚያ እዚህ ግሩፕ ውስጥ አታገኙኝም።

ምሩቅ፦ ኢኮኖሚክስ ስለተማርኩ አንድ ነገር ልጨምር። የዋጋው ጉዳይ ለሁለታችሁም በደንብ አይመሰክርም። በዚያ ዘመን የአብዛኛው ዕቃ ዋጋ እየወረደ ነበር። ላምባ የረከሰለት ገበሬ ስንዴውና ጥጡም ረክሶበታል፤ ዕዳው ግን ቁጥሩ አልቀነሰም። እንደዚያም ሆኖ ቲቸርን አንድ ጥያቄ ልጠይቅ። ሞኖፖሊ ከሆነ በኋላ ዋጋውን ለምን አልሰቀለውም?

ቲቸር፦ የውጭ ገበያውን የሩሲያው የባኩ ነዳጅ ይሻማው ስለነበር ነዋ። ፉክክር ባለበት ቦታ ይቀንሳል። በሌለበት ቦታ ለምን ይቀንስልሃል?

ጠበቃው፦ ይቅርታ ልግባ። ስለ ሳንቲም እስከ ነገ ብትከራከሩ አያልቅም። የኔ ጥያቄ ሌላ ነው፤ ሕጉ ለማን ይሠራ ነበር? በ1890 ኮንግረስ የሸርማንን ሕግ አወጣ። ንግድን በትረስት፣ ማለትም ብዙ ኩባንያዎችን በአንድ እጅ በሚያስገባ ጥምረት፣ ማፈንና ሞኖፖሊ መፍጠር ወንጀል ነው ይላል። ሴኔቱ 51 ለ1 አጸደቀው፤ ታችኛው ምክር ቤት 242 ለ0። ፕሬዝዳንት ሃሪሰን ጁላይ 2 ፈረሙበት። በወረቀት ደረጃ ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል?

ታዲያ የመጀመሪያው ትልቅ ጉዳይ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሲደርስ ምን ሆነ? ተከሳሹ የስኳር ትረስት ነው። ተወዳዳሪዎቹን ገዝቶ ከሀገሪቱ የስኳር ማጣሪያ 98 በመቶውን ይዟል። ከዚህ የበለጠ ሞኖፖሊ አይገኝም። ጃንዋሪ 1895 ፍርድ ቤቱ 8 ለ1 ወሰነ፤ ሕጉ የሚመለከተው በክልሎች መካከል የሚደረግ ንግድን ነው፤ ስኳር ማጣራት ደግሞ ማምረት እንጂ ንግድ አይደለም። በቃ። ዳኛ ሃርላን ብቻቸውን ተቃወሙ። ስኳሩ ተጣርቶ ወዴት እንደሚሄድ የቀሩት ስምንቱ የጠፋቸው አይመስለኝም።

የቺካጎው፦ ጠበቃው፣ ከዚህ ቀጥሎ የምትመጣው ወደ ሰፈሬ ነው። ፑልማን የሚባለው ሰፈር ከኔ ቤት ሩቅ አይደለም። ዛሬ ብሔራዊ ታሪካዊ ፓርክ ሆኗል። ቀይ የጡብ ቤቶቹ አሁንም ያምራሉ። ለማታውቁት፣ ጆርጅ ፑልማን መኝታ ያለው የባቡር ፉርጎ የሚሠራ ባለሀብት ነው። ለሠራተኞቹ ከተማ ገነባ። ቤቱ የሱ፣ ገበያው የሱ፣ ቤተ መጻሕፍቱ የሱ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ሳይቀር በሱ ኪራይ ነው።

በ1893 የገንዘብ ቀውስ መጣና ፉርጎ የሚያዝ ጠፋ። ፑልማን ደመወዝ በአማካይ 25 በመቶ ቆረጠ። የቤት ኪራዩን ግን አንድ ሳንቲም አልቀነሰም! ለባለ አክሲዮኖች የሚከፈለውን 8 በመቶ የትርፍ ድርሻም አልነካም። በኋላ ለመንግሥት አጣሪ ኮሚሽን የመሰከረ ሠራተኛ አለ። ኪራይ ከተቆረጠ በኋላ 2 ሳንቲም የተጻፈበት የደመወዝ ቼክ የደረሰው ሰው አውቃለሁ አለ። ሰውየው ቼኩን አልመነዘረውም፤ መስታወት ውስጥ አስገብቶ ሰቀለው። ጋሼ፣ እዚህ ላይ ምን ይላሉ?

ባለሱቁ፦ ፑልማንን ደግፌ አላውቅም። አከራይና አሠሪ አንድ ሰው ሲሆን ደግ አይሆንም። እሱንማ የሚያውቅ ያውቀዋል።

የቺካጎው፦ እሺ፣ ይህን ከያዝን በቂ ነው። በ1894 ሠራተኞቹ አድማ መቱ። በዩጂን ዴብስ የሚመራው የባቡር ሠራተኞች ማኅበር የፑልማን ፉርጎ የተቀጠለበትን ባቡር አንነዳም አለ። ከቺካጎ እስከ ምዕራብ ጠረፍ ባቡሩ ቆመ።

ጠበቃው፦ ከዚያ ወደ ሕጉ ተመለስን። የፌዴራሉ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ሪቻርድ ኦልኒ ነበር። የድሮ የባቡር ኩባንያ ጠበቃ ነው። ቺካጎ ላይ ጉዳዩን እንዲይዝ የሾመው ኤድዊን ዎከርም የባቡር ኩባንያ ጠበቃ ነው። ፍርድ ቤት ሄደው እግድ አወጡ። ዴብስ አድማውን የሚያበረታታ ቴሌግራም እንኳ እንዳይልክ ተከለከለ። እግዱ የወጣው ጁላይ 2፣ 1894 ነው። የሸርማን ሕግ የተፈረመበት ቀን፣ ልክ በአራተኛ ዓመቱ። የቺካጎው ፍርድ ቤት ዴብስን ሲቀጣ የተደገፈበት ሕግ ራሱ ያ የትረስት ሕግ ነው! ዴብስ ስድስት ወር ታሰረ። ሜይ 1895 ጠቅላይ ፍርድ ቤት አጸናው። ስኳሩን ነጻ ካወጣ ከአራት ወር ጥቂት ቀናት በኋላ።

ምሩቅ፦ አንድ ነገር ዘለልክ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የዴብስን ጉዳይ ሲያጸና በሸርማን ሕግ አልተደገፈም። መንግሥት ፖስታንና በክልሎች መካከል የሚደረግ ጉዞን የመጠበቅ ሥልጣን አለው ብሎ በዚያ ነው የወሰነው። የሸርማኑን ነገር ሳይነካ ነው ያለፈው።

ጠበቃው፦ ልክ ነህ። ሰውየው ግን እስር ቤት ነው።

ባለሱቁ፦ ያም ሆነ ይህ፣ የፖስታ ባቡር ቆሞ፣ ፉርጎ በመቶዎች እየተቃጠለ፣ መንግሥት እጁን አጣጥፎ ይይ?

የቺካጎው፦ ቅደም ተከተሉን ይዩልኝ ጋሼ። ቃጠሎው የባሰው ወታደር ከገባ በኋላ ነው። የኢሊኖይ ገዥ አልትጌልድ ወታደር አልጠየቅሁም፣ አያስፈልገኝም ብለው ለፕሬዝዳንት ክሊቭላንድ ጽፈዋል። የሰማቸው የለም።

ምሩቅ፦ ስለ ዴብስ ማኅበር ደግሞ አንድ የማይወራ ነገር አለ። ጥቁሮችን አባል አናደርግም ብሎ በጠባብ የድምፅ ልዩነት የወሰነው በዚያው ዓመት ጁን ላይ ነው። ዴብስ ራሱ ተከራክሮ ተሸንፏል። ስለዚህ በአንድ በኩል ጅብ፣ በሌላ በኩል መላእክት አድርጋችሁ አታቅርቡልን።

የቺካጎው፦ ይህ እውነት ነው፤ እኔንም ያመኛል። በፑልማን ፉርጎ ውስጥ አልጋ የሚያነጥፉት አስተናጋጆች ጥቁሮች ነበሩ። ማኅበሩ እነሱን ትቶ ነው ፑልማንን ሊያንበረክክ የተነሣው። ከጀርባ ተመትቷል ብንል፣ ጀርባውን ያጋለጠው ራሱ ነው።

ጥቁር ካነሣን ግን ይህንንም ያዙ። በ1868 የጸደቀው 14ኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ከባርነት ለወጡ ሰዎች የታሰበ ነው። ማንም ሰው እኩል የሕግ ጥበቃ አይነፈገውም ይላል። በ1886 በሳንታ ክላራና በሳውዘርን ፓሲፊክ ባቡር ክርክር ላይ የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዋና ዳኛ ዌይት በቃል አንድ ነገር ተናገሩ፤ ይህ ማሻሻያ ኩባንያንም ይመለከታል ወይ የሚለውን ክርክር መስማት አንፈልግም፤ ሁላችንም ይመለከታል ባዮች ነን። ውሳኔው ውስጥ የለም። የፍርዱ ዘጋቢ ከላይ በማጠቃለያው ጻፈው፤ ከዚያ እንደ ሕግ ተቆጠረ። ዘጋቢው ቀደም ሲል የአንድ ትንሽ ባቡር ኩባንያ ፕሬዝዳንት ነበር። ከዚያ በአሥር ዓመቱ፣ በ1896፣ ሆሜር ፕሌሲ የሚባል ሰው በዚያው ማሻሻያ ይዞ ከነጮች ጋር በአንድ ፉርጎ ልቀመጥ ሲል ተሸነፈ። ባቡሩ እኩል ጥበቃ አገኘ። ተሳፋሪው አላገኘም።

ቀልደኛው፦ ከዚህ በኋላ የኔ ቀልድ ቦታ የለውም።

አወያይ፦ አወያይ ዝም ማለት ነበረበት፤ አልቻልኩም። እኔን የያዘኝ 1895 ነው። ጃንዋሪ ላይ ስኳሩ አመለጠ። በሜይ የዴብስ እስር ጸና። በዚያው ሜይ ደግሞ በዓመት ከ4,000 ዶላር በላይ በሚያገኝ ሰው ላይ የተጣለው የ2 በመቶ የገቢ ግብር 5 ለ4 ተሽሯል። ሦስቱም ከአንድ ፍርድ ቤት በአምስት ወር ውስጥ። ዳኞቹ ጉቦ በሉ አላልኩም። እንደኔ ግን ከጉቦ የባሰ ነው፤ ከልባቸው የሚያምኑበት መሆኑ። ጋሼ፣ የላምባው ዋጋ ለዚህ መልስ አይሆነኝም።

ባለሱቁ፦ ሕዝቡ ካልወደደው ምርጫ ነበረለት እኮ። በ1896 ዊሊያም ብራያን ቺካጎ ላይ ገንዘብ በወርቅ ብቻ የሚለካበትን ሥርዓት አውግዞ የዴሞክራቶች የፕሬዝዳንትነት እጩ ሆነ። ሀገር ዞሮ ሰበከ። ተሸነፈ። ሠራተኛው ራሱ፣ ከተሜው፣ ለተፎካካሪው ለማኪንሊ ድምፁን ሰጠ።

ቲቸር፦ በነጻ ሜዳ ቢሆን ጥሩ ነበር። የማኪንሊ ዘመቻ መሪ ማርክ ሃና ከባንኮች ከካፒታላቸው በመቶኛ እያሰበ እንደ ግብር ነው የሰበሰበው። ስታንዳርድ ኦይል ብቻውን 250,000 ዶላር ሰጥቷል። በጠቅላላው 3.5 ሚሊዮን ገደማ ሲሰበሰብ፣ ብራያን የዚያን ሩብ እንኳ አላገኘም። ሴኔተሮችን ደግሞ ሕዝብ አይመርጥም ነበር፤ የክልል ምክር ቤቶች ናቸው የሚመርጡት። የሞንታናው የመዳብ ባለጸጋ ዊሊያም ክላርክ ወንበሩን በገንዘብ ገዝቷል ተብሎ በ1900 ለመልቀቅ ተገዷል። በቀጣዩ ዓመት እንደገና ተመርጦ ተመለሰ!

ምሩቅ፦ በ1907 ኩባንያ ለፌዴራል ምርጫ ገንዘብ እንዳይሰጥ ታገደ። በ1911 ስታንዳርድ ኦይል 34 ቦታ ተበተነ። በ1913 የገቢ ግብሩም ተመለሰ፤ ሴኔተርም ሕዝብ መምረጥ ጀመረ። ዘግይቷል እንጂ ሥርዓቱ ራሱን አርሟል።

ባለሱቁ፦ ሲበተንስ ማን ተጠቀመ? አክሲዮኖቹ ወደ ላይ ተተኮሱ። ሮክፌለር ከመበተኑ በፊት ከነበረው በላይ ከበረ።

ጠበቃው፦ እሱማ። የሚገርመው ለመበተን ከቀረበው ማስረጃ ውስጥ የባቡሩ የጭነት ቅናሽ ነገር አንዱ መሆኑ ነው። ወደ 40 ዓመት ፈጀ።

ባለሱቁ፦ በሉ እንግዲህ። የባቡሩን ውል አልከላከልም፤ የተወዳዳሪን ኪራይ መካፈል ነውር ነው። ፑልማንንም ውሰዱት። 22ቱን ማጣሪያ ግን አልለቅም። ሻጭ አለ፣ ገዢ አለ፣ ዋጋ ተቆርጧል።

ቲቸር፦ ጋሼ፣ ከባቡሮቹ ጋር የተደረገው ውል የተፈረመው ጃንዋሪ 1872 ነው። አብዛኛው ግዢ የተፈጸመው ፌብሯሪና ማርች ላይ ነው። ቅደም ተከተሉ በተቃራኒው ቢሆን ኖሮ እኔም ከእርስዎ ጋር አልሟገትም ነበር።